ሦስት ጊዜ ኋሊት

ለቀድሞው ባልንጀራዬ፣

በአራዳ ምድር ከእኔ የሚፈጥን አንባቢ የለም። በአራዳ ስል በማታ ትምህርት ክፍላችን ማለቴ ነው፤ በክፍላችን ስልም እማማ አስካለ በቀሩበት ቀን። እሳቸው ሰባ ዓመት አልፏቸው አንድ ገጽ ሲጨርሱ እኔ ገና ርዕሱ ላይ ላቤን እጠርጋለሁ። ቢሆንም ጨርሼ እደርሳለሁ፤ አንተም እንደምታየው መጻፍም ደርሼበታለሁ።

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚያምህ ጉልበትህስ? በተለይ ሪሞት የምትጫንበት አውራ ጣትህ እንዴት ከረመ? ካለፈው እሁድ ወዲህ ፑል ቤቱ ብቅ ስላላልክ አሳስቦኝ ነው። እኔ ለክፉ አይሰጠኝም። ድልድዩ አጠገብ ያለችው ጎሚስታ ቤቴም እንዳለች አለች። እንቅልፌ ጥሩ ነው፣ ምግብም ይበላልኛል። ሰው አንጀቱ ቅቤ ሲጠጣ እንዲህ ነው መሰለኝ።

የምጽፍልህን አብዛኛውን ታውቀዋለህ። ግን ድሮ ደብዳቤ የምትጽፍልኝም፣ የመጣልኝን የምታነብልኝም አንተ ነበርክ። አሁን ተራው የእኔ ስለሆነ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ።

ጋሽ ሉልሰገድ እሁድ እሁድ ፑል ቤታቸው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው የእነዚያን መዳፍ የሚያህሉ የሪሞት መኪኖች ውድድር ሲጀምሩ፣ እኔና አንተ አብረን ልንገዛ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ሱቅ ገባን። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ሻንሲ፣ ማለት የመኪናዋ አጽም፣ ነበር። አንደኛው ሰፊ፣ ሞተሩ መሀል ላይ የተቀመጠ፣ እግሩ በኩሽኔታ የሚዞር። ሌላው ጠባብ፣ ሞተሩ ከኋላ እንደ ጆንያ የተንጠለጠለ፣ ኩሽኔታ በሚገባበት ቦታ ፕላስቲክ የተወተፈበት። ከሁለቱም ስር ባለሱቁ በእጁ የጻፋት ወረቀት ተለጥፋለች። ምን ይላል ብዬ ጠየቅኩህ። ጠባቡን ለባለሙያ ብቻ ይላል አልከኝ፤ ሰፊውን ደግሞ ለጀማሪ። እጅህን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገህ፣ አንተ እንደሆንክ በህልምህም ጎማ የምትፈታ ሰው ነህ፣ የባለሙያውን ውሰድ፣ እኔ በጀማሪው እጫወታለሁ አልክ። ባለሱቁ ስልክ እያወራ ነበር፣ አልሰማንም። እኔም አመሰገንኩህ። ያቺን ምስጋና አሁን እፈልጋታለሁ፤ መልስልኝ።

ይህም አልበቃህም። ካርቶኑን ገልበጥ አድርገህ፣ የማርሹ ጥርስ እንዲገጥም መኪናው ከውድድር በፊት ሦስት ጊዜ ኋሊት ይነዳ ይላል ብለህ አነበብክልኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉሙን በነጻ ነው የሰጠኸኝ። እሁድ በመጣ ቁጥር ሰው በተሰበሰበበት መኪናዬን ሦስት ጊዜ ኋሊት እነዳለሁ። ሰዉ ይስቃል። እኔ ፈርተውኝ ነው የሚስቁት እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ። ከዚያ ውድድሩ ይጀመርና መኪናዬ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ ሰካራም ዞራ ቁጭ።

ስሜን የወሰድክብኝ በዚህ ነው። ያ ኳስ ደርዳሪው ክፍሎም «ኋሊት» ብሎ ጠራኝ። ፑል ቤቱ ተቀበለው። ከፑል ቤቱ ወደ ድልድዩ ወረደ። አንድ ቀን የማላውቀው የታክሲ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ኋሊት፣ እስቲ የፊቱን ጎማ ነፋ ነፋ አድርግልኝ አለኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም እያለ። በስንት ንዴት እንደነፋሁት እግዜር ይወቀው፤ ጎማው ሊፈነዳ ትንሽ ነው የቀረው። በሰፈሩ ሁሉ ፋራ መሆኔን ሳላውቅ የከረምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንዴት እንደነቃሁ እስካሁን ሳያብከነክንህ አይቀርም። ልንገርህ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ ለመኪናዬ ጎማ ልገዛ ወደዚያው ሱቅ ጎራ አልኩ። እዚያ ከተቀጠረች ወዲህ ከባንኮኒው የማትጠፋው እህትህ ጸሎት ምሳ ወጥታ ነበር፤ ስለዚህ እሷን እንዳትጠረጥራት። ብቻዬን መደርደሪያው ፊት ቆሜ ከጠባቡ ሻንሲ ስር ያለችውን ወረቀት እንደ ዛገ ቡሎን እያላላሁ፣ ፊደል በፊደል ፈታኋት። ለጀማሪ ልጆች ይላል። ከሰፊው ስር ለውድድር ይላል። ዓይኔን አሽቼ ደገምኩት፤ አልተለወጠም። እዚያው ቆሜ ያሳለፍኳቸውን እሁዶች ሁሉ አሰብኩ፣ የእያንዳንዱን ሰው ጥርስ አሰብኩ። ከሁሉ ጎልቶ የታየኝ ያንተ ነው።

ሰፊውን ገዝቼ መውጣት እችል ነበር። አልገዛሁም። በዚያችው በልጆቹ ሻንሲ ካላሸነፍኩህ ስሜ እንደማይመለስ ገባኝ። ሰው የተሻለ ስለገዛ ነው ያሸነፈው ይል ነበራ።

መጀመሪያ ንዴት አሳወረኝና ጉልበተኛ ሞተር ገጠምኩላት። ወለሉ ላይ ስሞክራት ከድሮውም ባሰባት፤ ኋላዋ ከብዶ ፊቷ መሬቱን አይዝም። አውጥቼ የድሮውን ሞተር መለስኩ። ከዚያ ፕላስቲኩን ሁሉ በኩሽኔታ ቀየርኩ። ኋላዋን ሰፋ ባለ ቸርኬ አራራቅሁት። የመኪና ጎማ ባላንስ ስንሠራ የምንለጥፋትን የእርሳስ ብረት ሞርጄ አሳንሼ አፍንጫዋ ላይ አደረግሁላት፤ ያን ጊዜ ፊቷ ምንጣፉን ነከሰ። በመጨረሻ ጎማዎቿን ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ አጣበቅሁ። ኩርባ ላይ ጎማ ከቸርኬ እንደሚላቀቅ ለጎሚስታ አይነገርም።

ይህን ሁሉ ስሠራ አንተ ከሥራ ስትወጣ እየመጣህ ማኪያቶ ትጋብዘኝ ነበር። መኪናዋን ከጨርቅ ስር እደብቅና እወጣለሁ። ጠጣሁልህ። ኋሊት እያልክ ስትጠራኝ አቤት እያልኩ፣ እየሳቅሁ ጠጣሁልህ። እንደዚያ ሰሞን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ያለፈው እሁድ ሰዉ ስሜን፣ ማለት አንተ ያተረፍክልኝን ስም፣ እየጠራ ሲያጨበጭብ መኪናዬን መስመሩ ላይ አስቀምጬ እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ ኋሊት ነዳኋት። እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። ሆን ብዬ ነው የፈቀድኩልህ፤ ደህና አድርገህ እንድትስቅ፣ የመጨረሻህ ስለነበረ።

ጋሽ ሉልሰገድ እጃቸውን ሲያወርዱ ቀጥታው ላይ ጥለኸኝ ሄድክ። አልክድም፣ ያንተ ትሮጣለች። ኩርባው ላይ ግን የእኔ አልዞረችም። ሳቁ ቆመ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ በውስጥ በኩል ገባሁብህ፤ ክፍሎም ኳሶቹን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ። ልትደርስብኝ ሪሞቱን ሳትለቅ ተጫንክ፣ የፑሉን ጠረጴዛ እግር ገጨህ፣ የፊት ጎማህም ከቸርኬው ወጥቶ እየተንከባለለ እግሬ ስር መጣ። ዙሬን ጨርሼ አነሳሁትና፣ ጌታው ጎማህ ወጥቷል፣ ሱቄ ብቅ በል፣ ላንተ በነጻ ነው አልኩህ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንተም ሪሞቱን ብቻ እንደጨበጥክ፣ መኪናህን ጥለህ፣ ማንንም ደህና ዋል ሳትል ወጣህ።

ከወጣህ በኋላ የሆነውን አላየህም። ጋሽ ሉልሰገድ ከነአባቴ ስም ጠሩኝ። ክፍሎምን ድገመው አሉት፤ ደገመው፣ እንደ ኮሶ እየመረረው። በማግስቱ ድልድዩ ጋ ሁለት ሰው በስሜ ጠራኝ። ሦስተኛው ገና ኋሊት ነው የሚለኝ፣ እሱንም ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

መኪናህ እኔ ዘንድ ናት። ከነጉድለቷ ሱቄ በር ላይ ሚስማር መትቼ ሰቅያታለሁ። ደንበኛ የማን ናት ሲለኝ ታሪኩን ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ፤ ጎማው ተሠርቶ እስኪያልቅ እኔም አልጨርስም። ልትወስዳት ከፈለግህ ና ውሰዳት። ከድልድዩ ጀምረህ ግን ኋሊት እየተራመድክ ነው የምትመጣው። ለጥርስህ ጥሩ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ሉልሰገድ ሁለት አዛውንት አስከትለው ቤትህ ይመጣሉ። የላክኋቸው እኔ ነኝ። ለእርቅ እንዳይመስልህ። አባታችሁ ካረፉ ወዲህ የቤቱ ታላቅ አንተ ስለሆንክ፣ በሩን ከፍተህ አስገብተህ፣ የሚሉትን እስከ መጨረሻው የምትሰማውም አንተ ነህ። መልስ የሚጠብቁትም ካንተ ነው። እምቢ ማለት መብትህ ነው፤ ከማለትህ በፊት ግን ጓዳ ያለውን ሰው ጠይቅ።

እናትህን እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበት ስሜ ሰላም ማለቴን ንገርልኝ። አንተንም ይጠብቅህ። ጉልበትህን ይጠግንልህ፣ ዕድሜህንም ያርዝመው፤ ገና ብዙ በዓል አንድ ማዕድ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስታየኝ እንድትውል እፈልጋለሁ።

አንዲት ውሸት ይዤ ግን ፊርማዬን አላኖርም። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ከእሷ በቀር። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ፊደል ቆጠራዬ ገና «መ» ላይ ነበር፤ «ጀ»ን በመልክም አላውቃትም። ወረቀቷን ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ቀላ፣ ስላንተ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ በየቀኑ ጎማ የምገዛ ሰው ሆንኩ። ጸሎት ምሳ አልወጣችም ነበር።

ሊሆን ጥቂት የቀረው
አማችህ