የኤርሚያስ ቬፕ በታምሩ ኪስ

ሐሙስ

ታምሩ የወንድሜን ቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራውን፣ ዛሬ እጄ ላይ አስቀመጠው። በራችን ላይ ቆሞ፣ ወደ መንገዱ እየተገላመጠ፣ በሶፍት ጠቅልሎ።

«ያንጠባጥባል፤ ጣዕሙም የተቃጠለ ጨርቅ ሆኗል። ኤርሚ የምታጸዳው አንተ እንደሆንክ ነግሮኛል። ለእሑድ ታደርስልኛለህ፣ ናቲዬ?»

ናቲዬ አለኝ።

ወንድሜ ኤርሚያስ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። የሞተው እዚህ ስደት ላይ፣ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር፣ ከታምሩ ጋር በሽርክና በያዙት ስፓዛ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ነው። ያን ቀን ታምሩ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ የኋላውን የብረት በር ሳይቆልፍ ሄደ። ሌቦቹ በዚያ ገቡ። አንድ ጥይት። ቸርች ውስጥ ሁሉም «የጌታ ፈቃድ ነው» ይላል። እኔ የታምሩ ቁልፍ ነው እላለሁ።

ቬፑን ሦስት ወር ሙሉ ስፈልገው ነበር። ለካ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። እሱ አፍ ውስጥ።

«እሺ» አልኩት።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ፈታሁት። ኤርሚያስ እንዳስተማረኝ፣ ባትሪው ለብቻ፣ ታንኩ ለብቻ፣ የአፉ ጫፍ ለብቻ። አሮጌው ፈሳሽ ይደፋል። ታንኩ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ባትሪውን ውሃ አይነካውም፣ በደረቅ ጥጥ ብቻ። «ማጽዳት ያንተ፣ መሳብ የኔ። ስትስብ ያገኘሁህ ቀን ጥርስህን አወልቀዋለሁ» ይለኝ ነበር፣ እየሳቀ።

ታምሩ አንድ ቀን እንኳ አላጸዳውም። ፈሳሹ የሞተር ዘይት መስሏል። የላስቲክ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። ፈሳሹን የሚያግለው ኮይል ውስጥ ያለው ጥጥ ከስሏል። ለሱ በርም ቬፕም አንድ ነው።

ማድረግ የምችለው፦
— ታንኩ ውስጥ ሚጥሚጣ። (ያስላል፣ ይተፋል፣ ያልቃል። ያንሳል።)
— በመዶሻ ሰባብሬ መመለስ። (የኤርሚያስ ነው። አልችልም።)
— እሑድ ቸርች ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ መስጠት።

ሦስተኛው። ታምሩ መዘምራን ይመራል። እኛ ቸርች ያጨሰ ሰው ከመድረክ ይወርዳል፣ ቬፕም ያው ነው። ወደ ማይኩ እጠጋና «ወንድም ታምሩ፣ ዕቃህ ጸድቷል» እለዋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ

ታንኩ ፎጣ ላይ ሲደርቅ ዋለ። ጄፔ ገበያ ሄጄ አዲስ ኮይል፣ ቀለበትና ፈሳሽ ገዛሁ። ሻጩ «ማይ ብራ፣ ፈሳሹን ከሞላህ በኋላ አሥር ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ኔ?» አለኝ። አውቃለሁ። አዲስ ጥጥ ፈሳሹን ሳይጠጣ ከሳቡት ይቃጠላል፤ ጉሮሮ ይልጣል።

መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ወንድም ታምሩ፣ ዕቃህ ጸድቷል። አክስቴ ሰምታ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። የቃል ጥናት ነው አልኳት። ባረከችኝ።

ባትሪውን ስወለውል ከሥሩ ኤርሚያስ በምስማር የጫራትን «ኤ» አገኘኋት። አውራ ጣቴን ብዙ ጊዜ ጫንኩባት።

እሑድ

አላደረግኩትም። እስካሁን ተናድጃለሁ።

ፓስተር ስለ ቤተሰባችን አስጸለየ። እማዬን ከአገር ቤት፣ ከሆሳዕና ከተማ፣ በቪዲዮ አስገቧት፤ ፊቷ ግድግዳውን ሞላው። «ልጄ ንጹሕ ነበር» አለች። «ከሬሳው ጋር የመጣውን ሻንጣ ራሴ ነው የከፈትኩት። የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር አላገኘሁበትም።»

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አውራ ጣቴ «ኤ» ላይ። ታምሩ ከመድረኩ እጄን እያየ መዝሙሩን ረሳው። ያን ሻንጣ ያዘጋጀው እሱ ነው።

ሲያልቅ ሽንት ቤት ገብቼ አዲሱን ኮይል ከተትኩ፣ ታንኩን ሞላሁ፣ ገጠምኩት። ታምሩ ታክሲ መቆሚያው ጋ ጠበቀኝ።

«ለምን ወሰድከው?» አልኩት።

«ፖሊስ ሳይደርስ ከኪሱ አወጣሁት። እማማ ጋ እንዳይደርስ።»

«ለምን አልጣልከውም ታዲያ?»

«ልጥለው ሄጄ ነበር። የሱ ሽታ አለው።» መሬት መሬት አየ። «ናቲ፣ ያ በር...»

«ስለ በሩ አታውራኝ» አልኩት። ቬፑን ሰጠሁት። ስለ አሥር ደቂቃው አልነገርኩትም። ይቃጠል። ይቺን እንኳ ይቅመሳት።

ታክሲው መንገድ ሲጋመስ ስልኬን አወጣሁ። «አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ጥጡ ገና አልጠጣም» ብዬ ላክሁለት። ይቅር አላልኩትም። የኤርሚያስ ቬፕ እንዳይቃጠል ነው።

መልእክቱ ደርሶታል። አላነበበውም።