ጥርስ ያለው ድምፅ

አቃቂ ቃሊቲ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢፍቱ፣

እንዴት ነሽ? ናይሮቢ ዝናቡ አቆመ ወይ? እዚህ ብርዱ ገብቷል። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት ስለ ደህንነቴ አልነበረም።

በመስከረም የጠየቅሽኝን አልመለስኩም። "አባዬ፣ የድሮ የሮክ ጊታር ድምፅ ዛሬም ይሠራል ወይስ እኛ ነን የምናካብደው?" ብለሽ ጽፈሽ ነበር። የባንድሽ ልጆች የድሮው ዲስቶርሽን፣ ያ የሚሻክረው የጊታር ድምፅ፣ ጭቃ ነው፣ አሁን ሺህ አምፕሊፋየር በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገኛል ብለውሻል። አንቺ ደግሞ አባቴ ቤት እውነተኛው አለ፣ ቀርጾ ይላክልኝና ስሙት አልሻቸው። አልበማችሁ በየትኛው ድምፅ እንደሚሠራ በእኔ ቅጂ ሊወሰን ነበር።

ላክሁልሽ። ሦስት ሳምንት ዝም አልሽ። ከዚያ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት መጣ።

አምፕሊፋየሩን ታውቂዋለሽ፤ ጊታር የምመታበት የፋብሪካው ባንድ ሲበተን በጋሪ ጭኜ ያመጣሁት ነው። ጨርቁን ገለጥኩና የውስጡ አምፖሎች እስኪሞቁ ጠበቅኩ። ያ የሚቃጠል አቧራ ሽታ መጣ። ሽታው እንኳ አልተለወጠም። ጎረቤታችን ጉተማ፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኗል፤ ስልኩን ስፒከሩ ፊት ይዞ ቆመ። ቁልፎቹን በጆሮዬ አስተካከልኩ። ጆሮዬ እስኪረካ። ትሬብሉ፣ የቀጭኑ ድምፅ ቁልፍ፣ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ከዚያ መታሁት።

ጉተማ ፊቱን አጨማደደ። "ጋሼ፣ ትንሽ አይወጋም?" አለኝ።

"ጥርስ ያለው ድምፅ እንዲህ ነው። እናንተ ጥርሱ የረገፈ ሙዚቃ ለምዳችሁ ነው።"

ሳቀ። እርስዎ ያውቃሉ አለና ቀረጸው። ለታላቅ ሰው አንዴ ይነገራል፣ ሁለተኛ አይነገርም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሁለተኛ አልናገርም ነበር።

መልእክትሽን ለመስማት አንድ ቀን ሙሉ ሞከርኩ። በግራ ጆሮ። በቀኝ ጆሮ። ግድግዳው ላይ ተደግፌ። አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ፤ ግን ከሌላ ክፍል እንደሚያወራ ሰው ነበርሽ፣ ቃሉ ሁሉ ተፍቆ ዜማው ብቻ የቀረ። በፋብሪካው ሽመና ክፍል ሁላችንም የምንነጋገረው በከንፈር ነበር። መቶ ሃያ ማሽን ባንድ ላይ ሲንኳኳ ማን ማንን ይሰማል? ሃያ ሁለት ዓመት ከንፈር እያየሁ ሠራሁ። ከወጣሁም በኋላ፣ ሳይታወቀኝ፣ ከንፈር እያየሁ ኖርኩ። ስልክ ከንፈር የለውም።

ለጉተማ ወሰድኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ ሰላም ብላሃለች፣ አመስግናለች፣ ምናምን አለኝ። "ብላሃለች" አለኝ፤ አንቱታው ጠፋበት። ዓይኑም ከጠረጴዛው አልተነሳም። ፊትህን ወደ በሩ ብርሃን አዙርና ቃል በቃል ድገምልኝ አልኩት። አዞረ። ያንቺን ቃል ከአንድ ፂማም ሰው አፍ ላይ አነበብኩት።

"አባዬ፣ የላክኸው ድምፅ ቆርቆሮ ነው። ሳቁብኝ። ከባንዱ ወጥቻለሁ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ያን ቀን ቱሉ ዲምቱ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ? አራት ዓመት ሙሉ ጆሮ የለኝም ብዬ ነው የኖርኩት።"

ያን ቀን። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ። እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው፤ ይህንኑ አምፕሊፋየር አንቺ ራስሽ አስተካክለሽ መድረክ ላይ ቆምሽ። ጀመርሽ። ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ድምፅ መሰለኝ፤ ወፍራም፣ ጨለማ። አፈርኩ። የጂራታ ልጅ እንዲህ ትጫወት? ከፊት ወንበር ተነስቼ ወጣሁና በሁለት መቶ ሰው ፊት ትሬብሉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ሰዉ ጆሮውን ያዘ። ተሳካ ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ፣ ኢፍቱ። ከዚያ ማይክራፎኑ አጠገብ ሆኜ "ጆሮ ከሌለሽ ተይው" አልኩሽ። አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ጊታሩን በዘፈኑ መሃል አስቀምጠሽ ወጣሽ። በሦስተኛው ወር ሞያሌን ተሻገርሽ።

ባለፈው ማክሰኞ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሐኪም ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝና ማዳመጫ ጫነችልኝ። ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሱ አለችኝ። ሦስቴ አነሳሁ፣ አራቴ። ከዚያ ጠበቅኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ተማሪ፣ ቀጣዩ እስኪመጣ ጠበቅኩ። በሩን ከፈተች።

"ቀጣዩ መቼ ነው የሚጀምረው?" አልኳት።

"ጨርሰናል አባባ።"

ወረቀቱን አሳየችኝ። መስመሩ ትንሽ በአግድም ይሄድና ገደል ይገባል። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ፣ ጥርሱ፣ ያ ሁሉ ከገደሉ ሥር ነው። የት ይሠሩ ነበር አለችኝ። ነገርኳት። ይህ የዛሬ ጉዳት አይደለም፣ ቢያንስ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ አሁን ደግሞ የቀረውም እየሄደ ነው አለች። የወፍ ድምፅ ከተለየኝ ስንት ዓመት እንደሆነ ለማሰብ ሞከርኩ። ወፎቹ ከዚህ ሰፈር የሄዱ ነበር የሚመስለኝ።

እናትሽ አቻምየለሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከማሽኑ ሥር የወደቀ ጥጥ እያነሳች ጆሮዋ ውስጥ ትወትፍ ነበር። ለእኔም ታቀብለኝ ነበር። በከንፈር፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ "ሙዚቀኛ ጆሮውን አይወትፍም" አልኳት። ሳቀች። ጥጡን ለራሷ ጨመረችው።

ሌላም የገባኝ ነገር አለ። ለመጻፍ የከበደኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በፋብሪካው ክበብ ስንጫወት የሚጨፍሩልን እነማን ነበሩ? የሽመና ክፍል ሰዎች። የጂራታ ጊታር ጥርስ አለው ያሉት እነሱ ናቸው። ከቢሮ የሚመጡት ቶሎ ይወጡ ነበር፤ ኮርተው ነው እንል ነበር። አንዲቱ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስትወጣ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር። አሁን ነው የታየኝ። ፀጉሯን የምታስተካክል መስሎኝ ነበር።

የአሰብ መስመር ሹፌሮች ያመጡልንን የውጭ ሮክ ካሴት እየሰማን ነው ያንን ድምፅ የተማርነው። ካሴቱ ላይ ያለው ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። ያንኑ እየመሰለኝ የተጫወትኩት ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ እኩል የቆረጣቸው ጆሮዎች እርስ በርስ አጨበጨቡ። አብዛኞቹ ሞተዋል። የሚመሰክርልኝ የለም፤ ቢኖርም ምስክርነቱ ምን ያደርጋል?

ጉተማ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበር። እውነቱን ንገረኝ አልኩት። የሚጠግነውን ስልክ አስቀመጠ። "ከእርስዎ በፊት የነበረው ጥሩ ነበር ጋሼ" አለኝ። አራት ዓመት አስቀምጦት ነበር። ስለ አክብሮት።

እና ጥያቄሽ። አምፕሊፋየሩ አልበደለም፤ ለጓደኞችሽም ይህንን ንገሪያቸው። ያ የድሮ ድምፅ ዛሬም የሚሠራ ከሆነ፣ ያን ቀን ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ እኔ ከወንበሬ እስክነሳ ድረስ፣ በአንቺ እጅ ነበር። ጆሮ የጎደለው እኔ ነበርኩ። በሰው ፊት የነሳሁሽን ነገር በወረቀት መመለስ እንደማይቻል አውቃለሁ። አዳራሹን መልሼ አልሞላውም። አራቱን ዓመትም። ወደ ባንዱ ተመለሺ ብልሽ፣ ማን ነህ አንተ ብትይኝ እውነትሽን ነው።

አንዳንድ ጠዋት አምፕሊፋየሩን አበራና አንዲት ክር መትቼ መዳፌን ሳጥኑ ላይ አሳርፋለሁ። ወፍራሙ ይሰማኛል። አንቺ ያን ቀን ያደረግሽው እሱን ይሆን እላለሁ። ከመዳፍ አልፎ አይሄድም።

ድምፅ አትላኪልኝ። መደወል ከፈለግሽ በቪዲዮ፣ በቀን፣ መስኮት አጠገብ ሁኚና ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ከንፈርሽን በእጅሽ አትሸፍኚብኝ፤ ስታለቅሺ የመሸፈን ልማድ አለሽ።

ጣቶችሽን ይጠብቅልኝ። ጆሮሽን ከሁሉ አስቀድሞ ይጠብቅልኝ። እናትሽ በሌለችበት የእሷንም ምርቃት ደርቤ መርቄሻለሁ።

ይህን ወረቀት ጉተማ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ስልኬን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ስትደውዪ ሲንቀጠቀጥ እንዳውቀው። ዛሬ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ። ሁለቴም ማስታወቂያ ነበር። አንዳንዴ ሳይንቀጠቀጥም የተንቀጠቀጠ ይመስለኛል፤ አውጥቼ አየዋለሁ።

አባትሽ
ጂራታ