ያልፈረሰው ውርርዳችሁ

ታዴዬ፣ የቤቴ አባወራ፣

ያላንተ ሁለተኛውን ክረምት ወጣን። እንዴት ነህ ልልህ ነበር፤ ለምዶብኝ ነው። እኛ ደህና ነን። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። ልጃችን ሰላም ሺሺንዳ ትምህርት ቤት ተመድባ ማስተማር ጀምራለች፤ እንዳንተው ሒሳብ! ቅዳሜ ቅዳሜ ቀሚሷ ጠመኔ እንደነካው ስትገባ ሳያት አንተ የገባህ ይመስለኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ውርርዱ ነው። ጓደኛህ ጋሽ መኮንን ጡረታ ወጥተው ጅማ ልጆቻቸው ጋ ሊገቡ ነው። ሊሰናበቱኝ መጡና አንገታቸውን ደፍተው፣ «አስቴር እህቴ፣ ያንን ቀፎ አውርደን ውርርዱን ብናፈርሰውስ? ታደሰም የለ» አሉኝ።

መቼም ሁለታችሁ የሒሳብ አስተማሪዎች ማንኪራ ጫካ ሄዳችሁ ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀላችሁበትን ቀን አትረሳውም። ዓለም ካልፈታቸው የሒሳብ ጥያቄዎች የትኛው ቀድሞ ይፈታል ብላችሁ፣ ያወቀ ቀፎውን ሊወስድ፣ እስከዚያ ማር ላይቆረጥ! የማንኪራ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ንቦቹም ጥለውት ሄዱ፤ እናንተ ግን በባዶ ቀፎ መከራከራችሁን ቀጠላችሁ።

ያንተን ጥያቄ ባቄላ ሰፌድ ላይ በትነህ አሳይተኸኛል። በእኩል ረድፍ አልደረደር ያለው ብቸኛ ቁጥር ነው አልከኝ። እንደ አስራ አንድና አስራ ሦስት በሁለት ብቻ ተራርቀው የሚመጡት መንትዮች ማለቂያ አላቸው ወይ? የጋሽ መኮንን ደግሞ፣ ከሁለት የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ወይ? እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩት ሴትዮ፣ «አስር ሦስትና ሰባት ነው፣ አለቀ!» ስልህ፣ «የቀረውን ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል?» ብለህ ሳቅክብኝ። ሰላም አሁን ኮምፒዩተር ይቀድማችኋል ትላለች። እንግዲህ እናያለን።

ለጋሽ መኮንን አይፈርስም አልኳቸው። እዚህ አገር አንተ የጀመርከው፣ ገና ያላለቀ ነገር እሱ ብቻ ነው የቀረው። በታዴ ቦታ እኔ ገብቻለሁ፣ መንትዮቹን ይዣለሁ፣ ጅማ ሆነው በስልክ ይከራከሩኝ አልኳቸው። «እንግዲያው ትሸነፊያለሽ!» አሉ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ።

የተፈታ ቀን መቃብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ። የተፈታው ያንተ ጥያቄ ባይሆንም አልደብቅህም። እኔ ካልደረስኩበት ሰላም ትነግርሃለች፤ አደራ ብያታለሁ።

አስቴርህ