ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አባባ መጋረጃውን ሸጡት።

የሳሎኑን። በኩሽና ቢላ ቀደው፣ በክንድ እየለኩ አምስት ቦታ ቆራርጠው፣ አጣጥፈው፣ በመስኮቱ ብረት መሀል ለመንገደኛ አቀበሉት። በሩን ቆልፌባቸው ነበር ሥራ የሄድሁት። ስመለስ መስኮቱ ራቁቱን ነው፤ እሳቸው ወንበር ስበው ከኋላው ተቀምጠው "ግቡ፣ ግቡ፣ አዲስ ዕቃ ገብቷል" ይላሉ። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ቢላው የት እንደገባ ነው። ከፍራሻቸው ሥር አገኘሁት።

ጎረቤቴ ትርንጎ ከአምስቱ ቁራጭ አራቱን ሰብስባ ጠብቃኛለች። ሰዉ እየሳቀም እያዘነም ለእሷ መልሶታል። "አምስተኛውን የወሰደችው ሴትዮ ግን ከልቧ ገዝታ ነው የሄደች፣ ጥራቱንም አመስግናለች" አለችኝ። ሳቅን። እኔ የሳቅሁት እሷ ስለሳቀች ነው።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ካለን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ወረታ ከተማ፣ ወንድሜ ጀማል ጋ አራት ወር ተቀመጡ፤ ሁለት ጊዜ ጠፍተው በፖሊስ ተገኙ፣ የጀማል ሚስት ወለደች፣ መለሱልኝ። ሦስት ሠራተኛ ቀጥሬ ነበር። ሦስቱንም "ሌባ" አሏቸው፤ ሦስቱም ሄዱ። አሁን ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ከረመዳን ወዲህ ስሜን ጠርተውት አያውቁም።

ከነገ ጀምሮ የስምንት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። አለቃዬ ከዚህ በኋላ የለም ብሎኛል። በዚህ ሳምንት የሚኖሩበት ቦታ ካላገኘሁላቸው ወይ ሥራውን እለቃለሁ፣ ወይ ደግሞ ቁልፉን እንደገና አዞርባቸዋለሁ። ዛሬ ቢላ ነው። ነገ ክብሪት ይሆናል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የመጀመሪያውን ቦታ አየሁ። ሐይቁ ዳር ያለ የግል ቤት ነው፤ ሴትዮዋ በክፍያ አረጋውያን ታስቀምጣለች። አባባን ለትርንጎ ትቼ ብቻዬን ሄድሁ።

ጥሩው፦ ወለሉ ያበራል። አልጋው ንጹሕ ነው። በረንዳው ላይ ሆኖ ጣና ይታያል።

መጥፎው፦ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስድስት ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተኝተዋል። ስድስቱም።

"ሌሊት አይተኙም እንዴ?" አልኋት።

"ሌሊትም ይተኛሉ" አለች ደስ ብሏት። "የእንቅልፍ ሽሮፕ እንሰጣቸዋለን።"

አባቴ መስገዳቸውን እየረሱ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ አራት ጊዜ እንደሚሰግዱ ነገርኋት። እዚህ ሁሉም ነገር በሰዓት ነው አለችኝ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ወደ ደቅ ደሴት የሚሄደውን ጀልባ ሳይ ቆየሁ። መናደድ ነበረብኝ። ራሴን እየነቀነቅሁ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አልሁና ወጣሁ።

ፋብሪካ ሥራዬ የተሸመነውን ጨርቅ በመብራት ጠረጴዛ ላይ እያሳለፍሁ እንከን መፈለግ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ስለዚህ የትም ብገባ እንከኑ ነው ቀድሞ የሚታየኝ፤ ሰውም ቢሆን። ባሌ ሲፈታኝ ይህንኑ ነበር ያለኝ፤ አልዋሸም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ አባባን ይዤ ሄድሁ። ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው፣ የበጎ አድራጎት ቤት። በር ላይ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል። አሮጊቶች በቆሎ ይፈለፍላሉ፤ አንዷ የፈለፈለችውን ሌላዋ ዶሮ ላይ ትበትነዋለች፤ ይጣላሉ። ግድግዳው ተልጧል። መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው። በአንድ ጥግ የመስገጃ ምንጣፍ ተነጥፏል።

አባባ ሳይጋበዙ ገብተው ተቀመጡ። ነርሷ ስትመጣ የጋዋኗን እጅጌ በሁለት ጣት አሻሹና "ይኼ ቴትሮን ነው፣ ጥጥ ብለው አታለሉሽ" አሏት። አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጠ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ይኼ አይጠፋውም።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለች ሲስተር። አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ቴትሮን ከአቡጀዲ በምን እንደሚለይ አስረዷት። እሷ ጠየቀች፣ እሳቸው መለሱ። ግማሽ ሰዓት። አንድም ጊዜ ሰዓቷን አላየችም። እንከን ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አልጋ አለ፣ አንድ ተለቋል። ነገር ግን ቤቱ የሚቀበለው ጧሪ ቀባሪ የሌለውን ብቻ ነው። ሦስት ሰው የመሰከረበት፣ ልጅም ዘመድም የላቸውም የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ መምጣት አለበት።

"አንች ምናቸው ነሽ?" አለችኝ።

"ጎረቤት ነኝ።"

አላሰብሁበትም። ሰዓት ስንት ነው ተብዬ የመለስሁ ያህል ነው የወጣኝ። አባባ አጠገቤ ነበሩ፤ ሰምተዋል፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እኔም ላይ ምንም የለም። ሲስተር ረጅም ጊዜ አየችኝና "የሚወስዱትን መድኃኒት ታውቂያለሽ?" አለች። ስሙንም መጠኑንም ሰዓቱንም ነገርኋት። ጻፈችው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሌሊቱ ሳይነጋ ልብሳቸውን ለብሰው በር ያንኳኳሉ። ሐሙስ ነው፤ ሐሙሲት ገበያ ይሄዳሉ። ቀኑ ሐሙስ መሆኑን በምን እንደሚያውቁት አላውቅም። ዓመተ ምሕረቱን ሲጠይቋቸው ንጉሡን ያነሣሉ። "ልቀቂኝ፣ ቦታዬን ይይዙብኛል" እያሉ እጄን ቧጨሩት። እስከ አስፋልቱ ወስጄ መልሼ አመጣኋቸው። ገበያው ቀረ ብዬ ዋሸሁ። ውሸት እየቀለለኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ምስክር እየለመንሁ ዋልሁ።

ትርንጎ፦ ሽሮ እያማሰለች ሰማችኝ። ድስቱን አወረደች። "እመሰክራለሁ" አለች። "ግን አንች እንዳትመጭ። ፊትሽን እያየሁ ልጅ የላቸውም ማለት አልችልም።"

ጋሽ ሰይድ፣ የመስጊድ ጎረቤታችን፦ ከአባባ ጋር ሐጅ ያደረጉ ሰው ናቸው። ቤቴ ጠርቼ ነገርኋቸው። "አላህ የሚያውቀውን ቀበሌ ባያውቀው ምን ይጠቅምሻል?" አሉ። ቤቴን አዩ፤ ባዶውን መስኮት፣ ከውጭ የሚቆለፈውን በር። "ወላሂ በል ካላሉኝ እሄዳለሁ፤ ካሉኝ ግን እመለሳለሁ" አሉ።

አስናቀች፣ ከፋብሪካ፦ "የት ልፈርም?" ብቻ። እናቷን ያስታመመች እሷ ናት፤ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

ሦስት ሰው ሞላ። ይህን ድል ልበለው እንጂ ምን ልበለው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጀማል ደወለ። ነገርሁት።

"ሰው ምን ይለናል?" አለ። ይህን እንደሚል አውቅ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቻለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን አላዘጋጀሁለትም። "ዘሀራ፣ ቀባሪ የላቸውም ብለሽ ማኅተም ካስመታሽ፣ የሞቱ ዕለት ምን ብለሽ ነው ሬሳውን የምትጠይቂ? ጎረቤት ነኝ ብለሽ?"

 ስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

"እሺ፣ ና ውሰዳቸው" አልሁት።

 ከዚያ መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑን ጠየቀኝ፣ እኔም ክፍት ነው አልሁ፣ እንግዲህ ኢንሻአላህ አለና ዘጋው። አልፈርድበትም። እሺ፣ እፈርድበታለሁ። ወንድ ልጅ ስለሆነ ሱቁ ለእሱ ነው የተሰጠው፤ አባታችን ለእኔ።

ለጁምዓ ጋሽ ሰይድ ይዘዋቸው ሄዱ። ሲያልቅ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ከሰጋጁ ሰልፍ መሀል ሲወጡ ምንም የጎደለው ሰው አይመስሉም። ጫማቸውን ሲፈልጉ ግን መሰሉ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሻንጣ አዘጋጀሁ። ሁለት ሸሚዝ። ሁለት ሽርጥ። ሹራብ፣ የጥቅምት ብርድ መጥቷል። ኮፍያ። መስገጃ። መቁጠሪያ። መድኃኒት፣ የአንድ ወር። ኩባያቸው፣ በሌላ አይጠጡም። የጥርስ መፋቂያ።

ልብሱ ላይ ስማቸውን በክር ጻፍሁ። እንድሪስ፣ እንድሪስ፣ እንድሪስ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እኔ አልነበርሁበትም። የቤተሰብ ፎቶ አስገባሁና አወጣሁት። ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሰው ፎቶ ምን ያደርግለታል?

አባባ ሻንጣውን አይተው "ማን ነው የሚሄደው?" አሉ። እንግዳ ነው አልሁ። "ስንቅ ቋጥሪለት" አሉኝ።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ውኃ አሙቄ እግራቸውን አጠብሁ፤ ጥፍራቸውን ቆረጥሁ። ዝም ብለው ሰጡኝ። ብዙ ጊዜ ይራገጣሉ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

"የሐጂ እንድሪስ።"

"አውቃቸዋለሁ" አሉ። "ክንዳቸው ረጅም ነው። ሲለኩ ለገዢው ያተርፉለታል። ሚስታቸው ግን ትቆጣቸው ነበር።"

"ደህና ሰው ናቸው?" አልሁ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ትንሽ አሰቡ። "ነጋዴ ናቸው" አሉ።

ሳቅሁ፤ ይኼኛው የእውነት ነው። ከዚያ እግራቸውን አደረቅሁ። ማልቀስ የነበረብኝ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ውኃውን ደፋሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ቀበሌ በጠዋት ሄድን። ትርንጎ አትምጪ ብላኝ ነበር፤ ነገር ግን አባባ ባሉበት ነው የሚጻፈው ተባለ፣ ከሌላ ሰው ጋር ደግሞ ከመስጊድ በቀር የትም አይሄዱም። ከበሩ አጠገብ ቆምሁ። ትርንጎ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሠራተኛው ወጣት ነው፣ ጨዋ። ምስክሮቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ትርንጎ "የላቸውም" አለች፣ ወለሉን እያየች። አስናቀች "የላቸውም።" ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እኔ እስከማውቀው ድረስ" አሉ፤ ከዚያ በላይ አልወጣቸውም። ወላሂ አላስባላቸውም። ጻፈ። ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣ። ከዚያ ለወጉ ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

"አባባ፣ ልጅ የለዎትም አይደል?"

"ልጅማ አለችኝ" አሉ።

እስክሪብቶው ቆመ።

"ዘሀራ ትባላለች። ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ጎበዝ ናት፤ ቁጡ ናት እንጂ። አሁን ከሥራ የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል፤ መጥታ ስታጣኝ ትደነግጣለች፣ ጨርሱልኝና ልሂድ።"

"ይኼችስ ማን ናት?" አለ ሠራተኛው ወደ እኔ እያመለከተ።

ዞረው አዩኝ። ከእግር እስከ ራስ። "ይኼችን አላውቃት። ደግ ሰው ናት፣ እጄን ይዛ አመጣችኝ።"

ትርንጎ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ጋሽ ሰይድ "አልሐምዱሊላህ" አሉ ቀስ ብለው፣ ከጫንቃቸው ሸክም የወረደ ይመስል። እኔ ተናደድሁ። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅሁት ስሜት ሲመጣ ቁጣ ሆኖ መጣ። ከረመዳን ወዲህ ስምንት ወር እጠብቃለሁ፣ ስሜን ለእኔ ሳይሆን ለቀበሌ ሠራተኛ ነገሩት! ጎበዝ መሆኔንም እዚያው።

"አባት ልጅ አለኝ እያሉ የላቸውም ብዬ ማኅተም አልመታም" አለ ልጁ። ማኅተሙን መለሰ። "የምታውቋት ከሆነ ልጅቱን ፈልጉልኝ።"

"ዘሀራ እኔ ነኝ" አልሁ።

ሁሉም ወለሉን አዩ። የሐሰት ምስክር ምን እንደሚያስከትል ይዘረዝርልናል ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደና "ሂዱ፣ ሰው ወረፋ ይዟል" አለን።

ባጃጅ ያዝሁ። ቤት ልሂድ ብዬ ነበር፤ ለሾፌሩ ግን ድልድዩን ተሻገር አልሁት። ሲስተር በር ላይ አገኘችን። ደብዳቤ እንዳላገኘሁ፣ ጎረቤት እንዳልሆንሁ፣ አልጋውን ለሌላ እንድትሰጥ በአንድ ትንፋሽ ነገርኋት።

"ጎረቤት የመድኃኒቱን መጠን በሚሊግራም አያውቅም" አለች። "ስንት ጎረቤት መሰለሽ እዚህ በር ላይ የቆመ።"

ለአዳር መቀበል አትችልም፤ ደንቡ የእሷ አይደለም። ቀን ቀን ግን፣ ጠዋት አምጥቼ ማታ የምወስዳቸው ከሆነ፣ ኃላፊውን ልጠይቅ አለች። እስካሁን እንዲህ ያደረገ የለም። እሺ ላይልም ይችላል። እሺ ቢልም የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከነገ ወዲያ ሥራ እገባለሁ። ይህን ሁሉ አስቤ ለምን እንደቀለለኝም አላውቅም።

ማመልከቻ ጻፊ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። አባባ ቀድመውኝ ገብተው ከአሮጊቶቹ ጋር በቆሎ ይፈለፍላሉ። የአመልካች ስም፦ ዘሀራ እንድሪስ። ከአረጋዊው ጋር ያለ ዝምድና፦ ልጅ። አይነበብም ብላ ሲስተር ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ፤ እንደገና ጻፍሁት። መልሱ ረቡዕ ነው።