ለእንግዳ አንደበት አማርኛን ያስለመዱት መምህርት ማስተዋል ይርጋ

ገሳይ ላይ፣ በ1948 ዓ.ም. መኸር፣ ለቄስ ይርጋ ባዩና ለወይዘሮ ጌጤ ዓለምነው አራተኛ ልጅ ሆነው የተወለዱት መምህርት ማስተዋል ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ደብረ ታቦር ዘመድ ቤት ተቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛም ወጥተው በ1968 ዓ.ም. የአማርኛ መምህርት ሆኑ። በ1972 ዓ.ም. ከአናጺው ከአቶ አዳነ ጥላዬ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አዲስዓለምንና ሙላቴን ወለዱ።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ቤታቸው ተማሪ አላጣም። አማርኛ ጋዜጣ የሚያነቡ፣ ዜና የሚከታተሉ፣ ገበሬ ሲያናግራቸው ግን የሚጠፋባቸው የውጭ አገር ሐኪሞችና ነርሶች ይመጡ ጀመር። አንዷ የዴንማርኳ አዋላጅ ኪርስተን ነበረች።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት መምህርት ማስተዋል ንግግር ሊያስለምዷት ኪርስተን ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄደው ሳሉ፣ ከጉና ግርጌ አልማዝ የምትባል ወላድ በቃሬዛ መጣች። መንገድ ላይ ተገላግላለች። አማቷ ሕፃኑን በጋቢ እንደታቀፉ «እንግዴ ልጁ ቀረብን!» እያሉ ይጮሃሉ። ኪርስተን «እንግዳ»ንም «ልጅ»ንም አሳምራ ታውቃለች። «የእንግዳውን ልጅ ሰው ልከን እናስመጣዋለን፤ አይጨነቁ እማማ» ብላ ሕፃኑን ልታሞቅ ዞረች።

መምህርት ማስተዋል ክንዷን ያዟት። «ሌላ ልጅ አይደለም! ከልጁ በኋላ የሚወርደው ነው፤ ማህፀኗ ውስጥ ቀርቷል!»

ደሙ መፍሰስ የጀመረው ያኔ ነበር። ኪርስተን ፈጥና ደረሰችላት፤ አልማዝም ተረፈች።

ሥራው ሲያልቅ ኪርስተን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «የማላውቀው ቃል ቢሆን እጠይቅ ነበር። የማውቀው መስሎኝ ነው» አለች። መምህርት ማስተዋል አልገሠጿትም። አጠገቧ ተቀምጠው፣ «እኔም ከእንግዲህ ሌላ ዓይነት አስተምራለሁ» አሏት።

እንዳሉትም አደረጉ። ከባድ ቃል ማብዛቱን ትተው ተማሪዎቹ እናውቀዋለን ወደሚሉት ተመለሱ። «ሆድ» ብቻውን ሳምንት ይፈጅ ነበር፦ ሆድ ሲብስ፣ ሆድ ሲባባ፣ ሆድ ሲሻክር፣ ሆደ ሰፊ። «ቃሉን ብቻውን አትያዙት፤ ከማን ጋር እንደሚውል እዩ» ይሉ ነበር። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደው ከታማሚዎች ጋር ያስቀምጧቸዋል፤ የሚቆረጥመው ከሚወጋው፣ የሚነዝረው ከሚያቃጥለው እስኪለይላቸው ድረስ። ወደ ወዳጃቸው ወደ ወይዘሮ ዘሀራ ሱቅ ሲልኳቸውም፣ በጣት ለሚጠቁም እንዳይሸጡ አደራ ይሏቸዋል። ወይዘሮ ዘሀራም ይጨክናሉ፤ አንድ ሐኪም «ወንፊት» የሚለው ቃል ጠፍቶት ባዶ እጁን ተመልሷል።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም በድንገት በጭንቅላታቸው ደም ፈስሶ ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው ተያዘ። ከእግራቸው ይልቅ የከበዳቸው የቃል መጥፋት ነበር። ውሃ ፈልገው «መስኮት» ይላሉ፤ መሳሳታቸውን ያውቁታልና ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። አቶ አዳነ ቃሉን ቀድመው ሲገምቱላቸው መምህርት ማስተዋል ይቆጡ ስለነበር፣ አቶ አዳነ ዝም ብለው መጠበቅን ተማሩ። አቡነ ዘበሰማያት ሲጀመር ግን አንድም ቃል አይስቱም፤ ቤተሰቡም ድምፃቸውን ለመስማት ሲል ጸሎቱን ደጋግሞ ይጀምር ነበር።

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር የጀመሩትን ጸሎት ሳይጨርሱ፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ አዳነ ብቻቸውን ጨረሱት።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እዚህ ቆመዋል። ስንቱን በስሙ መጥራት ያስተማሩትን እናታችንን አምላክ በቅዱሳኑ መካከል በስማቸው ይጥራቸው። አሜን።

ከእህታቸው ልጅ ከፈንታነሽ