ዝገት የነካው ችግኝ

ሰኔ 6፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ውሃ እያጠጣን ነው። ጭጋግ። የአዘና መንገድ አይታይም። የት/ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች በጆክ ይቀዳሉ፣ እኔ ቅጠል እገለብጣለሁ። ጣቴ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ቀረ። ጠረግሁት። ሌላም ቅጠል አየሁ፣ ያው ነው። ዝገት! አምና የስንቱን ገበሬ የከሰል ዛፍ፣ ዲከረንሱን፣ ያደረቀው በሽታ ዛሬ እኔ ባፈላሁት ችግኝ ላይ።

አንቺ ማስታወሻ፣ ዓርብ ለወላጆች የምናድለው ይህንኑ ነው። እዚህ አገር ዲከረንስ ከሰል ነው፣ ከሰሉ ደግሞ የቆርቆሮ ቤት፣ ሠርግ፣ የልጅ ትምህርት። እጃችሁን ታጠቡ አልኳቸው። ለምን? አሉኝ። ጆኩን አንስቼ እጃቸው ላይ አፈሰስኩ።

ሰኔ 7

ለር/መምህሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋ። ዓርብ ለእደላው እንግዶች ከእንጅባራ ይመጣሉ፣ ባነሩ ታትሟል፣ ስምሽም አለበት አለ። የታመመው ቅጠል ይለቀም፣ ማን ያውቃል አለ። በሽታው በቅጠል መልቀም አይወጣም አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ።

በችግኝ ፕሮጀክቱ ለቀጠረኝ አለቃዬ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሰማሁት፦ ኮንትራትሽ በሰኔ መጨረሻ ያልቃል፣ አስቢበት። ተናደድኩ። ቆይቶ ግን ፈራሁ። የቤት ኪራይ አለ፣ እናቴ አለች።

ሰኔ 8፣ ከሰዓት

አያ ካሴን ገበያ አገኘኋቸው። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ማሳው ታርሷል፣ ለዓርብ ደቦ ጠርተዋል፣ ጠላው ተጠምቋል። የመምህርት ችግኝ ንጹሕ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ዋስ ሆኛለሁ አሉኝ፣ እየሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እንዴት ያለሁ ፈሪ ነኝ።

ሰኔ 9

ጠዋት ገባሁ። ችግኙ አረንጓዴ፣ ነጥብ የለበትም። ር/መምህሩ ትናንት ልጆቹን አስለቅሟቸዋል። ቅጠሉስ? ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ። ቅጠል አይጣልም ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

የአያ ካሴ ልጅ ያለምወርቅ ደስ ብሏት መጣች። ቤት ገብታ የአባቷንም ለጋ ዲከረንስ ቅጠሉን ለቅማለታለች፣ እንዲጸዳ። እጅሽን ታጥበሽ ነበር? አልኳት። አልታጠበችም። ጣቷ እስካሁን ብርቱካንማ ነው። ዝገቱን ለአባቷ ማሳ ይዛለት ገብታለች።

ማምሻውን

አያ ካሴ ቤት ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው፣ ገበያ ላይ ዝም ማለቴንም። ለባለቤታቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኚ፣ አንድ ነገር አሏቸው። እኔ የዳንግላ ልጅ አውኚ አልችልም፣ የሴትዮዋን ፊት ሳይ ግን ገባኝ። ልጅቷ ጥግ ቆማ ታለቅሳለች። አንቺ አላጠፋሽም አልኳት።

አያ ካሴ ወደ እኔ ዞሩ። ዋስነቴን አፈረስሽብኝ አሉ። ቀጥለው፦

«የተጠራ ደቦ አይመለስም፣ መምህርት። ለመትከል ካልሆነ ለመቅበር ይቆፍራል።»

ሰኔ 10፣ ዓርብ ጠዋት

ዝናብ የለም። የደቦው ሰዎች ዶማቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ውሃ ይረጭ፣ ዱቄቱ እንዳይቦን አልኩ። ያለምወርቅ ትረጫለች። ከት/ቤቱ ጀርባ፣ ባነሩ ከተሰቀለበት ሥር፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ር/መምህሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይሮጣል፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቁ ይላል። ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እንግዲያው ባነሩ ይውረድ አለ። አይወርድም አልኩ፤ ችግኙ ስሜ ካለበት ሥር ይቀበር።

ችግኝ ሲጣል አንዱ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። የመጀመሪያውን መደብ እኔ ራሴ ነቀልኩ። ኮንትራቱም እንግዲህ ይቅር።

ገጽሽን አቆሸሽኩት፣ ይቅርታ። የመኪናው ድምፅ ከመታጠፊያው ይሰማል። እንግዶቹን መጨበጥ አልችልም፤ እጄ ብርቱካንማ ነው።