በመስኮቱ ዙሪያ የለጠፍኩት ስፖንጅ

ምናሉ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። የመጀመሪያው እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። የዘንድሮውን ግን አየሁት። ብርዱንም ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

ቤቱ እንደተውከው ነው ልልህ ነበር። አይደለም። የጓሮው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል። ጎረቤታችን ቅርንጫፉ ቆርቆሮዬን ይመታብኛል ብሎ ለመነኝ፣ እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ የጮቄ ተራራ ነፋስ በቀጥታ ይገባል። ዛፉ ነፋሱን ይከልልልን እንደነበር አንተ ብትኖር ትነግረኝ ነበር።

እማሆይ ከእኔ ጋር ናቸው። እናትህ። ለሕክምና ብለህ ከደብረ ኤልያስ ስታመጣቸው ባስገባሃቸው ክፍል፣ በዚያው አልጋ። ከቀብርህ በኋላ ለምን እንዳልሄዱ አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቅ የሚሄዱ ይመስለኛል። ልጅ አልወለድንም። አንተ ከሌለህ እኔ ለእናትህ ምን እንደምባል ቁጭ ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ። ምራት? የማን ሚስት?

ሐምሌ ላይ ማሳል ጀመሩ። እህትህ ስመኝ ከሉማሜ ደውላ ልታነጋግራቸው ብትሞክር የሰማችው ሳል ብቻ ነው። "ያ ቤት በረዶ ነው። በፍልሰታ እመጣና እማዬን እወስዳታለሁ" አለችኝ። በክፋት አይደለም፣ ስመኝን ታውቃታለህ። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ። በየት በየት ነው የሚገባው? መዳፌን ዘርግቼ ፈለግኩት። በመስኮቱ ብረትና በመዝጊያው መሃል። በበሩ ሥር። በመቃኑ ጎን።

መናኸሪያው አጠገብ ካለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጀርባው ሙጫ ያለው ስፖንጅ ገዛሁ። አይተኸው እንደሆነ እንጃ። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሸጥ። የጀርባውን ወረቀት ስትልጠው ይጣበቃል። መጀመሪያ ብረቱን ሳላደርቅ ለጠፍኩት። ጠዋት ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። እማሆይ በመቋሚያቸው ነካ አድርገው "ይሄ ይናከሳል?" አሉ። በሌላ ቀን ብረቱን በሳሙና አጥቤ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ ፀሐይ ብቅ እስክትልለት ጠበቅኩ። ከዚያ ስፖንጁን በመቀስ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጬ፣ ሳልስበው፣ ወረቀቱን ጥቂት በጥቂት እየላጥኩ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ስትስበው በኋላ ይሸበሸብና ጥጉ ላይ ክፍተት ይተዋል። ለበሩ ወፍራሙን አድርጌ መቀርቀሪያው አልገባ አለ። ነቅዬ በስሱ ተካሁት። የጭቃው ግድግዳ ላይም ሞከርኩ። አቧራውን ይዞ ወረደ።

ስጨርስ ዘግቼ ቆምኩ። ነፋሱ የለም። ምንም ነገር የለም። ቤቱ ጆሮ ውስጥ ጥጥ እንደገባበት ሰው ዝም አለ። ደስ አለኝ። ሳሉም ቀነሰ። ስመኝ መጥታ የምትለው አይኖራትም አልኩ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ፣ እማሆይም መብላት ተዉ።

ሽሮውን ሠርቼ፣ ከድኜላቸው ወደ ቢሮ እሄዳለሁ። ስመለስ እንደተከደነ ነው። "ገና ነው" ይላሉ። ምን ገና እንደሆነ አልጠይቅም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ትንሽ ቆርሰው ይተዋሉ። ፊታቸው እየጠበበ ሄደ። እኔ ያሰብኩትን ልንገርህ? ሊሄዱ ነው አልኩ። ወይ ወደ ስመኝ፣ ወይ ወደ አንተ። መጠየቅ እየፈለግኩ እተወዋለሁ። መልሳቸው "ከአንቺ ጋር ምን አለኝ?" ቢሆንስ?

ስመኝ ቅዳሜ በማለዳ መጣች። በሩን ስትገፋው እምቢ ብሏት በትከሻዋ ከፈተችው። "ምነው፣ ቤቱን እንደ ቀፎ ለቀለቅሽው!" ብላ ሳቀች። ከዚያ እናቷን አየች፣ ሳቋም ቆመ። ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። እኔም ነጠላቸውን አጥፌ አቀበልኳት። ምን ብዬ ልከራከር? የከሱት እኔ ቤት ነው።

እማሆይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለታችንንም ያዩናል።

"ስመኝ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው የመጣሽ?"

አዎ አለች።

"ታዲያ ቄሶቹ ምን ነካቸው? ዘንድሮ ቅዳሴ አያስወጡም እንዴ? እኔ እኮ በረሃብ ልሞት ነው። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር፣ ነገር ግን የእናንተን ሹክሹክታ አንድ ሳይቀር እሰማለሁ።"

እግራቸው ከደከመ ወዲህ ቅዳሴውን የሚሰሙት በዚያ መስኮት ነው፣ ምናሉ። ደወሉ ሲደወል ይነሳሉ። ከላይ ከኮረብታው ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ዜማ እየለቀሙ ይሰግዳሉ። ቅዳሴው ሲወጣ ሰምተው እህል ይቀምሳሉ። እኔ ቀን ቀን ቢሮ ነኝ፣ አላውቅም። ነፋሱን ስዘጋ ያን ሁሉ አብሬ ዘጋሁት። የጾሙን መፍቻ ሰዓት ለጠፍኩባቸው።

ወንበር ላይ ወጥቼ በኮረብታው በኩል ያለውን ስፖንጅ ላጥኩት። ሙጫው ብረቱ ላይ ጠቁሮ ቀረ። ብርዱ ገባ፣ ከብርዱ ጋር የዲያቆኑ ድምፅ ገባ። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ሲሚንቶው እግራቸውን እንዳይወጋቸው ከጥቅሉ የተረፈውን ሰፊ ስፖንጅ ወረቀቱን ሳልልጥ ከሥራቸው ዘረጋሁላቸው። ቆሙበት። ስመኝ ሻንጣውን እንደያዘች ቆማለች።

ቅዳሴ ወጣ። በሉ። ሁለተኛ ጨምሪልኝ አሉ። ከዚያ ለስመኝ እንዲህ አሏት፦

"ያንቺ ቤት አስፋልት ዳር ነው። እዚያ ቅዳሴ የሚያስወጣው የአውቶቡስ ጥሩምባ ነው። ልብሴን መልሺልኝ። ከእሷ ጋር እከርማለሁ።"

ስመኝ ጋቢዋን ትታላቸው ሄደች። እኔን በር ላይ አቅፋኝ፣ ትንሽ ቆየች።

ሁሉም ተስተካከለ አልልህም። ሳሉ ትንሽ ተመልሷል። ራስጌያቸውን ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርጌ፣ ጋቢውን ደርቤላቸው፣ ማታ ማታ እየተነሳሁ አዳምጣለሁ። ለአንድ ክረምት ይሁን ለሁልጊዜ አልጠየቅኩም። አሁንም እፈራለሁ። ግን ቀርተዋል።

አንድ ነገር ሰማሁ። ጸሎታቸውን ሲጨርሱ የክርስትና ስምህን ያነሳሉ። እኔ የማውቀው ምናሉን ነው። ያኛውን ስም ካህኑ በቀብርህ ቀን ሲጠራው የሌላ ሰው ስም መስሎኝ ዞሬ ነበር፣ ከዚያም ወዲህ አፌ አልደፈረውም። አሁን በእረፍት ቀኔ አጠገባቸው እቆማለሁ። እሳቸው ሲጠሩህ ቀስ ብዬ እከተላለሁ። አንድ ቀን እሳቸውም መቆም ያቅታቸዋል። ያን ቀንም ስምህ በዚህ ቤት ሳይጠራ አይመሽም።

ትርንጎ